ጠረጴዛ ስንት እግር አለው?

የቃላት ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር አንባቢዎቻችን ጋር

ባለፈው እትም «በየቀኑ ከአፋችሁ የማይጠፋ፣ ዘሩ ግን ግሪክኛ ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁት ቃል ካለ ላኩልን» ብለን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቃላት ይበዛሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ከጎንደር የመጣልን የቤት ዕቃ፣ የጠጅ ቤትና የባጃጅ መንገድ ቃል ሆነ። እሰየው። ረጅሙን መልስ ለአናጢው ሰጥተናል፤ የእሱ ቃል ለሌሎቹም በር ይከፍታልና።

«አዘዞ የእንጨት ሥራ አለኝ። አንድ ደንበኛ ክብ፣ ባለሦስት እግር ጠረጴዛ አሠራኝ። ሊረከብ ሲመጣ ‘ጠረጴዛ እኮ በግሪክ ባለአራት እግር ማለት ነው፤ ይሄ ጠረጴዛ አይባልም፣ ዋጋ ቀንስ’ ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ደግሞ ‘ጠረበ’ ከሚለው የወጣ፣ የእኛው የአናጢዎች ቃል ይመስለኝ ነበር። ማናችን ነን ልክ?»

ስለ ቃሉ መነሻ ደንበኛዎ ልክ ነው። ስለ እግሩ ግን እርስዎ ረተዋልና ዋጋውን እንዳይቀንሱ።

ጠረጴዛ የግሪክኛው «ትራፔዛ» ነው። ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ ቃል ነው፦ «ትራ» አራትን ከሚያመለክተው «ቴትራ» ያጠረ፣ «ፔዛ» ደግሞ እግር። ፋሲል ግቢ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ካሜራ የሚያቆሙበት «ትሪፖድ»ም በዚሁ ስልት የተሠራ ቃል ነው፤ «ትሪ» ሦስት፣ «ፖድ» እግር። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ ማጣበቅ ስለማይወድ «ትራ» ተዘርዝሮ «ጠረ» ሆነ። «ፔ» «ጴ» ሆነ፤ «ዛ» እንዳለ ቀረ።

«ጠረበ» የሚለው ግምት የብዙ ሰው ግምት ነውና ሙከራውን እናሳይዎ፤ ለሌላ ቃልም ይሠራል። አንድ ስም ከአንድ ግስ ወጣ ለማለት መጀመሪያ የግሱ ፊደላት በሙሉ ስሙ ውስጥ መገኘት አለባቸው። የጠረበ ፊደላት ጠ፣ ረ፣ በ ናቸው። መጥረቢያ ላይ ሦስቱም አሉ፤ ጠራቢ ላይም፣ ጥርብ ድንጋይ ላይም አሉ። ጠረጴዛ ላይ ጠ እና ረ አሉ፣ በ የለችም። «በ ወደ ጰ ተለውጣ ነው» የሚል ቢመጣ፣ ይኸው ለውጥ የታየበትን ሌላ ቃል ያምጣ ይበሉት። ሰበረ «ሰጰረ» ሆኖ፣ ነበረ «ነጰረ» ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው ሙከራ የተረፈውን ቁራጭ መመርመር ነው። መጥረቢያ ላይ «መ» እና «ያ» የመሣሪያ ስም ማውጫ መሆናቸውን ከመቁረጫ፣ ከመገዝገዣና ከመሮ ማስቀመጫ ሁሉ እናውቃለን። «ዛ» ግን አማርኛ ከግስ ስም የሚያወጣበት ጭራ አይደለም። በሁለቱም የወደቀ ግምት የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው፤ የዘር አይደለም።

አሁን ወደ እግሩ። ግሪኮች ራሳቸው የትራፔዛን እግር መቁጠር የተዉት ገና ጥንት ነው። በደቡብ ግሪክ በፒሎስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ 3,200 ዓመት ገደማ የሆናቸው የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። ጽሕፈታቸውን በ1952 እ.ኤ.አ. የፈታው እንግሊዛዊው ማይክል ቬንትሪስ ነው። ከጽላቶቹ አንዳንዶቹ የዕቃ መዝገብ ናቸው፤ ጸሐፊው ጠረጴዛዎቹን አንዱን «ባለዘጠኝ እግር»፣ ሌላውን «ባለስድስት እግር» እያለ መዝግቧል። ቃል በቃል ከተወሰደ «ዘጠኝ እግር ያለው ባለአራት እግር» ማለቱ ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው ግን ምንም አልከበደውም፤ ትራፔዛ ለእሱ ዕቃ እንጂ ቁጥር አልነበረም። በእኛም ዘንድ «ስልክ» በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ከኪሱ ያወጣውን ሽቦ አልባ ስልክ «ይሄ ስልክ አይባልም» ብሎ ዋጋ ያስቀነሰ ደንበኛ ካለ ይንገሩን።

ለደንበኛዎ መልስ የሚሆን አንድ ሌላ ነገር እንጨምርልዎ። የሒሳብና የቢሮ ሰው በመስመር ከፋፍሎ ቁጥር የሚሞላበትን «ሰንጠረዥ» ይለዋል። ይህ ቃል የቀድሞ መኳንንት የሚጫወቱት የሰንጠረዥ ጨዋታ ስም ነው፤ የመጣውም ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» ነው፣ ያ ደግሞ ከሕንድ «ቻቱራንጋ»። በሳንስክሪት «ቻቱር» አራት፣ «አንጋ» የአካል ክፍል ነው፤ የጦር ሠራዊት አራት ክንፍ ለማለት። የግሪኩ «ቴትራ» እና የሕንዱ «ቻቱር» ደግሞ የአንድ ጥንታዊ ቃል ልጆች ናቸው። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው የእንጨት ዋጋ በሰንጠረዥ ሲያሰሉ፣ ከታች አንድ አራት፣ ከላይ ሌላ አራት አለ፤ ወንድማማች ናቸው።

«ምናልባት በዐረቦች በኩል የገባ ይሆን?» የሚልም ይኖራል፣ በተለይ መተማ ደርሶ የተመለሰ። እዚያ የሱዳን ነጋዴዎች «ጠረቤዛ» ሲሉ ይሰማል። አማርኛችንን አበላሽተውት አይደለም፤ የግብፅና የሱዳን ዐረብኛም ከዚያው ከግሪክ ወስዶታል። ዐረብኛ ግን የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለው በ«በ» ተካው። ቃሉ ወደ እኛ የመጣው በእነሱ አፍ ቢሆን ኖሮ «ጠረቤዛ» ሆኖ በቀረ ነበር፤ አንዴ «በ» የሆነ ድምፅ ተመልሶ «ጰ» አይሆንም። የእኛ «ጴ» የግሪኩን ድምፅ በቀጥታ የሰማ ጆሮ ምስክር ነው። ለዚህም ዕድሉ ነበር፦ የአክሱም ነገሥታት በሳንቲማቸው ላይ ግሪክኛ ያስቀርጹ ነበር፤ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዔዛና የድል ጽሑፉን በግዕዝም በግሪክኛም አስቀርጿል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ የተተረጎመውም ከግሪክኛ ነው።

ከጠረጴዛ በፊት ባዶ እጃችንን አልነበርንም። ግዕዝ «ማእድ» አለው፤ አማርኛ «ገበታ» አለው። እነዚህ ግን የሚበላበት ናቸው። «ከገበታ ተነሣ» እንላለን እንጂ ጸሐፊውን ከገበታው አናስነሣውም።

«ለሥራ ወደ ቆጵሮስ ልሄድ ነው፤ በስልኬ ግሪክኛ እያጠናሁ ነው። ‘ትራፔዛ’ ጠረጴዛ መስሎኝ ሳለ መልመጃው ባንክ ይለኛል። ስህተት ይሆን?»

ስህተት የለበትም፣ እህታችን። በዛሬው ግሪክኛ «ትራፔዛ» ባንክ ነው። የቤቱ ጠረጴዛ «ትራፔዚ» ይባላል። በር ላይ ትራፔዛ የሚል ጽሑፍ ካየሽ የቤት ዕቃ መሸጫ መስሎሽ እንዳትገቢ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በጥንቱ ገበያ ገንዘብ ለዋጩ ሳንቲሙን የሚደረድረው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሰውየውም «ትራፔዚቴስ»፣ ባለጠረጴዛው ተባለ። ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ቁጥር 27 ላይ «ገንዘቤን ለለዋጮች አደራ ልትሰጠው በተገባህ ነበር» የሚለው፣ ግሪክኛው ላይ «ለባለጠረጴዛዎቹ» ነው። ዕቃው ስሙን ለሥራው አወረሰና ራሱ በቁልምጫው «ትራፔዚ» ቀረ። እኛ «ባንክ» የምንለውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የጣሊያኑ «ባንኮ» የለዋጩ አግዳሚ ወንበር ወይም መደርደሪያ ነበር።

ስትናገሪ የምትሳሳቺው ድምፅሽን ከፍ የምታደርጊበት ቦታ ላይ ነው። ባንክ ሲሆን የመጀመሪያው «ትራ» ይጎላል፦ ትራፔዛ። ጠረጴዛ ሲሆን መካከለኛው «ፔ»፦ ትራፔዚ። የምግብ ክፍል ትራፔዛሪያ ነው። ትራፔዚቲስ ደግሞ ባለባንኩም ነው፣ መንጋጋ ጥርስም ነው፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብትሰሚው አትደንግጪ። ጾታም አላቸው፦ «ኢ ትራፔዛ» አንስታይ፣ «ቶ ትራፔዚ» ግዑዝ። ሲበዙ «ትራፔዜስ» እና «ትራፔዚያ» ይሆናሉ። ምግብ ቤት ገብተሽ ለሁለት ሰው ቦታ ለመጠየቅ «ኤና ትራፔዚ ያ ዲዮ» ማለት ነው፤ የ«ዲዮ»ን ዲ ምላስሽን በጥርሶችሽ መካከል አውጥተሽ በለስላሳው በዪው። አንድ ምክር እንጨምር፦ ከአማርኛ የለመድሽውን ጠንካራ «ጠ» እዚያ አትጠቀሚ። «ተ» በዪ፣ ትንፋሹን ግን ቀንሺ።

«የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ሰፈሬ ማራኪ ነው። አንድ ቃል ከግሪክ መምጣቱን መጽሐፍ ሳልገልጥ ራሴ ማወቅ የምችልበት መንገድ አለ?»

አለ፣ ግን ወጥመዶቹንም አብረህ ተማር።

መጀመሪያ ጰን ፈልግ። ጰ ከሆሄያቱ መጨረሻ አካባቢ፣ ከፐ ጋር የምትገኘው የግሪክኛን ቃል ለመጻፍ ስላስፈለገች ነው። ጳጳስ፣ ጴጥሮስ፣ ጴንጤቆስጤ፣ ጳራቅሊጦስ፣ ኤጲስ ቆጶስ፣ ጠረጴዛ፤ ከዚህ ዝርዝር የሚወጣ የአገር ቤት ግስ ለማግኘት ትቸገራለህ።

ሁለተኛው የድምፅ ደንብ ነው፤ እኛ ከሁሉም የምንወደው ይህን ነው። ግሪክኛ ሦስት ጥንድ ድምፆች ነበሩት፦ በእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ደረቅ፣ ሌላው ትንፋሽ ያለበት። የግዕዝ ጸሐፊዎች ደረቁን በእኛ ጠንካራ ፊደል፣ ትንፋሽ ያለበትን በለስላሳው ጻፉ። ደረቁ ታው «ጠ» ሆነ፣ ትንፋሻሙ ቴታ «ተ»። ደረቁ ካፓ «ቀ»፣ ትንፋሻሙ ኪ «ከ»። ደረቁ ፒ «ጰ»፣ ትንፋሻሙ ፊ «ፈ»። ማረጋገጫው ጢሞቴዎስ ነው፤ አንድ ስም ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ጢ ከታው፣ ቴ ከቴታ። ፊልጶስም እንዲሁ፣ ፊ ከፊ፣ ጶ ከፒ። ቆሮንቶስ ላይ ቆ ከካፓ፣ ቶ ከቴታ ናቸው። ቋራ የተወለደው ንጉሥ የነገሠበት ቴዎድሮስ የሚጀምረው «ቴዎስ»፣ አምላክ፣ ከሚለው ስለሆነ በ«ጤ» አልተጻፈም።

ለምን እንዲህ እንደሰሙ በራስህ አፍ መፈተን ትችላለህ። አንድ ቅጠል ሶፍት ንጣፎቹን ለይተህ፣ ቀጭኑን ከከንፈርህ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀህ አንጠልጥል። «ፓፓያ» በል፤ ወረቀቱ ይገፋል። «ጳጳስ» በል፤ ብዙም አይነቃነቅም፣ ቢበዛ ፈጠን ብላ ጠፊ የሆነች እንቅስቃሴ ታያለህ። ጰ ከጉሮሮ ተዘግቶ ስለሚወጣ የሳንባ ትንፋሽ የለበትም። በሹክሹክታ ከሞከርከው ግን አይሠራም፤ ያኔ ሁሉም ትንፋሽ ይሆናል። የግሪኩ ደረቅ ፒም ትንፋሽ ስላልነበረው ለጸሐፊዎቹ ጆሮ የቀረበው ጰ ነበር።

ደንቡ ሁልጊዜ አይጸናም። «ክርስቶስ» ላይ ክ እንደ ደንቡ ከኪ የመጣ ነው፤ ቶ ግን ከታው ስለሆነ «ጦ» መሆን ነበረበት። «ቲቶ»ም ጢጦ አልሆነም።

ሦስተኛ፣ ቃሉ የገባበትን ዘመን በልብሱ ለይ። በጥንት የገባው ጠ፣ ቀ፣ ጰ ለብሷል፤ በዘመናችን በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የገባው ተ፣ ከ፣ ፐ ይለብሳል፦ ፖሊስ፣ ፖለቲካ፣ ቴሌቪዥን፣ ቲያትር። የሒሳብ መምህርህ ሰሌዳ ላይ የሚሥለው ትራፒዚየም እና ሰሌዳው ፊት ያለው ጠረጴዛ አንድ ቃል ናቸው፤ ቅርጹ የተሰየመው በጠረጴዛ ነው። አንዱ ከ1,000 ዓመት በላይ ቀድሞ ስለገባ ጠ እና ጴ አለው፣ ሌላው ትናንት ስለመጣ ት እና ፒ አለው።

ወጥመዶቹ እነሆ። በ«ስ» ማለቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፦ ልብስ የለበሰ ነው፣ መቅደስ የቀደሰ ነው። «ታዲያ ግስ ካለው የእኛ ነው» ብለህ ደግሞ አትቸኩል። «መነኮሰ» የሚል ግስ አለን፤ ምንኩስና፣ መነኩሴ፣ መነኮሳት እያለ እንደ ማንኛውም ግስ ይረባል። መነሻው ግን «ሞናኮስ»፣ ብቸኛ፣ የሚለው ግሪክኛ ነው። የግሪኩ የስም ማብቂያ «ስ» እኛ ዘንድ ገብታ የግሱ ሥር ፊደል ሆና ቁጭ አለች። ዲያቆንም አገልጋይ ማለት ሆኖ ሳለ ድቁናን ወልዷል፣ ጳጳስም ጵጵስናን። ሌላው ወጥመድ የግሪክ ልብስ የለበሰ የሌላ አገር ሰው ነው፦ ጳውሎስና ማርቆስ የላቲን ስሞች ናቸው፣ ዮሐንስ ዕብራዊ ነው፤ በግሪክኛ አልፈው ስለመጡ ብቻ «ስ» ተከናንበዋል።

«አራዳ ጠጅ ቤት አለኝ። አንድ ደንበኛ ‘ብርሌ ግሪክኛ ነው’ ብሎ ተወራረደ። ብርሌማ የእኛ ነው እንጂ!»

ዕቃውስ የእርስዎ ነው፤ ቃሉን ግን ደንበኛዎ በልቶዎታል። ውርርዱ በጠጅ ከሆነ ይቅዱለት።

ብርሌ በግዕዝ መስተዋትና ብሩህ የከበረ ድንጋይ ማለት ነበር። የመጣው «ቤሪሎስ» ከሚለው ግሪክኛ ነው። አሳላፊው የከበረ ድንጋይ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ቁጥር 20 ላይ ከከተማይቱ መሠረቶች ስምንተኛው ሆኖ ተጽፏል፤ አማርኛው «ስምንተኛው ቢረሌ» ይላል። ከቢረሌ እስከ ብርሌ አንድ እርምጃ ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ድንጋይ ስሙን ብርሃን ለሚያሳልፈው ጠርሙስ ሰጠ። ግሪኮቹም ቃሉን የወሰዱት ድንጋዩ ከሚመጣበት ከሕንድ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የጀርመኖች ነገር ነው። በመካከለኛው ዘመን ለማንበቢያ የሚሆን ሌንስ ከዚህ ዓይነት አሳላፊ ድንጋይ ይሞርዱ ስለነበር መነጽርን «ብሪለ» አሉት፤ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። ጀርመናዊ ቱሪስት ቤትዎ ገብቶ «ብርሌ» ሲባል መነጽሩን ቢዳስስ ይግባዎት። በነገራችን ላይ ቢረሌ ድንጋዩ በአገራችንም አለ፤ በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው አረንጓዴው ኤመራልድ ከቢረሌ ዘር ነው።

ስለዚህ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት የሚያወራው ስለ ዕንቁ ዘመድ ነው። አጻጻፉ ላይ የሚሳሳተው «ብርሌ»ን ከ«ብር» ጋር የሚያዛምደው ነው፤ ብር ብረት ነው፣ ብርሌ ብርጭቆ። ምንም አያገናኛቸውም።

«ባጃጅ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ‘ፒያሳ፣ ፒያሳ’ እያልኩ ነው የምውለው። ጣሊያን መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚህ ገጽ ላይ ቦታ አለው?»

አለው እንጂ። የጎንደር ፒያሳን ያነጹት ጣሊያኖች ናቸው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ፤ ስሙንም እነሱ ተዉት። «ፒያሳ» በጣሊያን አደባባይ ነው። ጣሊያንኛ የላቲንን «ፕላ» ወደ «ፒያ» የመለወጥ ልማድ አለው፤ «ፕላኑስ» ፒያኖ እንደሆነው ሁሉ «ፕላቴያ» ፒያሳ ሆነ። ላቲኑ «ፕላቴያ»ን ደግሞ ያገኘው ከግሪክ ነው፤ ሰፊው መንገድ ማለት ነው፣ «ፕላቲስ» ሰፊ ከሚለው። ዛሬም አቴና ላይ አደባባይ «ፕላቲያ» ይባላል። በሥራ መውጫ ሰዓት ከአራዳ ወደ ፒያሳ ስትታጠፍ ሰፊነቱ አይታይህ ይሆናል፤ ጥፋቱ የቃሉ አይደለም።

«የቀን መቁጠሪያ አሳትማለሁ። ‘ጳጉሜን’ ልበል ወይስ ‘ጳጉሜ’? አንዱ አራሚ ን-ን ይሰርዛታል፣ ሌላው ይመልሳታል።»

ን-ን ይመልሷት። ቃሉ የግሪክኛው «ኤፓጎሜናይ» ነው፤ «ኤፒ» በላይ፣ «አጎ» ማምጣት፣ የተጨመሩት ቀናት ማለት ነው። መነሻዋ «ኤ» ወደቀች፣ ፒ እንደ ደንቡ ጰ ሆነ፣ «ሜናይ» ደግሞ «ሜን» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ን የቃሉ አካል ናት። የሚሰርዛት ሰው «ቤቱን»፣ «ልጁን» ላይ እንዳለችው የተሳቢ ምልክት አድርጎ ቆጥሯት ይመስለናል። «ጳጉሜ» በአፍ በሰፊው ስለሚባል ስህተት ብለን አንከስም፤ ለኅትመት ግን ጳጉሜን የተሻለ ነው። ተሳቢ ሲሆን «ጳጉሜንን» ይጻፉ፤ ለዓይን ቢከብድም ትክክል ነው።

ማተሚያ ቤት የሚያሳስተው ሌላው ነገር ስድስተኛው ቀን ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው 3 ከሆነ ሉቃስ ነው። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፣ ስለዚህ ጳጉሜን 6 ነበራት፤ ቀጣይዋ 2019 ናት። ብዙ ሰው በዮሐንስ ዓመት ያስገባታል፤ ዮሐንስ የሚጀምረው ከስድስተኛዋ ቀን ማግስት ነው።

ገጹ ላይ የሚያትሟቸው የግዕዝ አኀዞችም ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው። ግሪኮች በፊደል ይቆጥሩ ነበር፦ አልፋ አንድ፣ ቤታ ሁለት፣ ጋማ ሦስት። ፩፣ ፪፣ ፫ ከእነዚህ ወጡ። ፲ ከዮታ፣ ፳ ከካፓ፣ ፻ ከሮ ናቸው። ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ፊደል ሳይሆን ቁጥር መሆኑን ያመለክታል፤ ዲዛይነሩ ለማሳመር ብሎ እንዳያጠፋው ይንገሩት።

«ልጅ ልንወልድ ነው። ሴት ከሆነች አልማዝ፣ ወንድ ከሆነ ፋሲል ልንል አስበናል። የአገር ስም መሆናቸውን ፈልገን ነበር።»

እንኳን ደስ ያላችሁ። ሁለቱም ጎንደሬ ናቸው፣ ሁለቱም በአያት ግሪክ ናቸው።

አልማዝ ከዐረብኛ ነው የመጣው፤ ዐረብኛው ግን ከግሪክኛው «አዳማስ» የወሰደው ነው። «አ» አፍራሽ ናት፣ «ዳማ» ማሸነፍ፣ መግራት፤ የማይበገር ማለት ነው። ዐረቦች መነሻውን እንደ ራሳቸው «አል» ሰሙት። ፋሲል የፋሲለደስ አጭር ነው። ፋሲለደስ ደግሞ በዓሉ መስከረም 11 የሚከበረው ሰማዕት ስም ነው፤ በግሪክኛ «ባሲሌይዴስ»፣ የንጉሥ ልጅ። «ባሲሌውስ» ንጉሥ ነው፣ «ኢዴስ» የእገሌ ልጅ የሚያሰኝ ጭራ። ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ፋሲለደስ ከእነ ስማቸው የንጉሥ ልጅ ነበሩ። ስሙን ወደ ፋሲል ስታሳጥሩት «ልጅ» የሚለው ይወድቅና ንጉሡ ብቻ ይቀራል፤ ቅር የሚላችሁ አይመስለንም።

ባጭሩ የተጠየቁ

*ፋኖስ፦* አዎ፣ ግሪክ ነው። «ፋኖስ» ችቦ፣ መብራት ነበር፤ በዐረብኛው «ፋኑስ» በኩል መጣ።

*ሻማ፦* አይደለም፣ ዐረብኛ ነው።

*ካርታ፦* የቤት ይዞታ ካርታም፣ የመጫወቻ ካርታም፣ የአገር ካርታም አንድ ናቸው፤ በጣሊያን በኩል ከግሪኩ «ካርቴስ»፣ የፓፒረስ ቅጠል። ካርቶንም ዘመዱ ነው።

*ክሊኒክ፦* «ክሊኔ» አልጋ ነው፤ ሐኪም የተኛ በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚሠራው ሥራ። እኛ ዘንድ ክሊኒክ የምንለው ብዙ ጊዜ አልጋ የሌለውን መሆኑ ያስቃል።

*ፋርማሲ፦* «ፋርማኮን» በጥንቱ ግሪክኛ ፈውስም መርዝም ነበር። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም፤ «መድኃኒት ወሰደ» እና «መድኃኒት አበሉት» ማለት ምን ያህል እንደሚራራቁ ሁሉም ያውቃል።